ፊርማ የሌለው ቅነሳ

ይህ ጽሑፍ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ለዕድር መሪዎች፣ ለበጎ ፈቃደኞችና ለወጣቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። ሙቀቱን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። ኑ ተቀመጡ።

በአንዲት እናት ልጀምር። ስማቸውን አልጠራም። ሰፈራቸው ገንደ ቆሬ ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጉልበት በነበራቸው ጊዜ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጡ ነበር። ዛሬ አንዱ ዓይናቸው አያይም፣ ሌላውም ደክሟል። ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። የከተማ ሴፍቲኔት የሚባለው የመንግሥት የድሃ መደገፊያ ፕሮግራም ወደ ድሬ ሲመጣ፣ መሥራት ለማይችሉት በሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ ታቀፉ። እኔ ያኔ ተጠቃሚ የሚመለምለው የሰፈር ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ስማቸውን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት።

ብሩ ባንክ በገባ ቀን አንዳንዴ አብሬያቸው ገበያ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ዘንቢላቸው ውስጥ ሩዝ፣ የአንድ ሊትር ዘይት፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሁለት ሳሙና፣ ለልጆቹም ደብተር ይገባ ነበር። እየቆየ ደብተሩ ቀረ። ቀጥሎ የዘይቱ ጠርሙስ ቀረና በትንሽ በትንሹ እየተቀዳ የሚሸጠው መጣ። ሳሙናው አንድ ሆነ። የወሩ ስኳር የሳምንት ሆነ። ብሩ ግን አልተቀነሰም። እንዲያውም ተጨምሮላቸው ያውቃል። ጭማሪው ገበያውን አንድም ቀን ደርሶበት አያውቅም እንጂ።

አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ፀሐዩ በረታና አንድ ዛፍ ሥር አረፍን። ዘንቢሉን ወደ ጭናቸው ሳብ አድርገው፣ «ልጄ፣ ማነው የቀነሰብኝ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ማንም አልቀነሰም። ኑሮ ነው የተወደደው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ኑሮ ቢሮ አለው?» አሉኝ። «ካለው ውሰደኝና አቤት ልበል።»

መልስ አጣሁ። ያን ቀን ከቤታቸው አድርሻቸው ስመለስ ራሴን ሳዳምጥ ነበር። ለአንድ አሮጊት ጥያቄ ያልመለሰ ሰው ስንት ዓመት ኮሚቴ ሆኖ ምን ሠራ? ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለእሳቸው ጥያቄ መልስ ስፈልግ ያገኘሁትን ለእናንተ ለመንገር ነው።

ቅነሳ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፊርማ አለው። ደብዳቤ ይወጣል፣ ቀን ይጻፍበታል፣ ማኅተም ይመታበታል። ሰው ይናደዳል፣ ይጠይቃል፣ ይሟገታል። ሌላው ፊርማ የለውም። ብሩ እዚያው ቆሞ ዋጋው ጥሎት ይሄዳል። ደብዳቤ አይጻፍም። በሬዲዮ አይነገርም። ሁለቱም የሚያርፉት ግን እዚያው ዘንቢል ላይ ነው። እኛ ሀገር ድሃው የሚያውቀው ቅነሳ ባብዛኛው ይሄ ሁለተኛው ነው።

ወደ ኋላ ሄጄ ቀኖቹን ለመፈለግ ሞከርኩ። በሐምሌ 2014 ገደማ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ተደረገ። ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች የተለየ ድጎማ ለጊዜው እንዲቀጥልላቸው ተደርጎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተወሰነ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ድሬ የጅቡቲ መንገድ ላይ ናት። የምንበላው ሩዝ፣ ፓስታና ዘይት ብዙው በዚያ በር የሚገባ ነው። ዶላሩ ሲነሳ የገንደ ቆሬ ሱቅ ለመስማት ብዙ አይቆይም።

እነዚህ ውሳኔዎች ልክ ነበሩ ወይ አልነበሩም ለማለት አልመጣሁም። ኢኮኖሚስቶች ሲከራከሩበት ሰምቻለሁ፣ ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ውሳኔው የተወሰነበት ቀን ይታወቃል። የወሰነው አካል ይታወቃል። እንግዲህ «ኑሮ ተወደደ» ስንል ግማሹን እየደበቅን ነው። ለእማማ «ማንም አልቀነሰም» ያልኳቸው ውሸት ነበር። ሳላውቅ የዋሸሁት ውሸት ነው፣ ግን ውሸት ነው። ኑሮ ቢሮ አለው።

መንግሥትም ይህን ሒሳብ በደንብ ያውቀዋል። ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ተስተካክሏል። በመስከረም 2018 ደግሞ ዝቅተኛው ደሞዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ደግ ተደረገ። መምህሩም፣ ነርሷም፣ የቢሮ ጽዳት ሠራተኛዋም ይገባቸዋል። ግን ያ ጭማሪ ምን ይነግረናል? ዋጋ ሲንር ገቢ መስተካከል እንዳለበት ከላይ ያሉት ሰዎች ያምናሉ ማለት ነው። በ2017 ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ሲጸድቅም፣ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ኅብረተሰብ ድጎማ ተብሎ የተያዘ ገንዘብ ነበረበት። ስለዚህ ድሃው ከናካቴው አልታሰበም ብል ሐሰት እናገራለሁ። የምለው ይህ ነው፦ ሠራተኛው ቢከፋው ሥራ ይለቃል፣ ያጉረመርማል፣ ቢሮው ይጎድላል፣ ስለዚህ ይሰማል። የገንደ ቆሬዋ እናት የሚያቆሙት ሥራ የላቸውም። እሳቸው ቢጎድሉ የሚጎድል ቢሮ የለም። ለዚህ ነው የእሳቸው ጭማሪ በደግ ሰው ማስታወስ ላይ መንጠልጠል የሌለበት።

ስልክ የያዛችሁ ልጆች እስቲ ሕገ መንግሥቱን ክፈቱ። አንቀጽ 41። ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እየጨመረ መሄድ እንዳለበት ይናገራል። ቀጥሎ ያለው ንዑስ አንቀጽ 5 ስለ አረጋውያን፣ ስለ አካል ጉዳተኞች፣ ወላጅም አሳዳጊም ስለሌላቸው ሕፃናት ነው። መንግሥት ይንከባከባቸዋል ይላል። እዚህች ጋ ግን አንዲት ሐረግ ገብታለች፦ የሀገሪቱ ኢኮኖሚ አቅም በፈቀደው ደረጃ።

ይህችን ሐረግ ለብዙ ጊዜ ሳወጣ ሳወርዳት ኖሬያለሁ። እውነት አለባት። ሀገራችን ሀብታም አይደለችም፣ የሌለ ገንዘብ አይከፋፈልም። ግን አቅም ራሱ አፍ አውጥቶ አይናገርም። «አቅም አልፈቀደም» የሚል ሰው አለ። በጀት ሲደለደል አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይከተላል፣ ሌላው «ለከርሞ» ይባላል። ያን ተራ ያወጣ ሰው እጅ አለው፣ እስክሪብቶ አለው። አቅም ፈቀደ ወይም አልፈቀደም የሚለው ፍርድ የሚሰጥበት ክፍል የት እንዳለ ማወቅ መብታችን ነው። አስፋልት ለማደስ፣ ሕንፃ ለማሳመር አቅም ሲፈቅድ አይተናል። መንገዱን አልጠላም፣ እኔም እሄድበታለሁ። መንገዱ ሲቀድም የቀደመው በማን ቃል እንደሆነ ግን ይነገረን።

አሁን ስለ ራሴ ኮሚቴ ልንገራችሁ። ይሄ ለእኔ ከሁሉም ከባዱ ነው።

ኮታ የሚባል ነገር አለ። ለሰፈራችሁ ይህን ያህል ሰው ተብሎ ከላይ ይመጣል። አንድ ጊዜ ለቀጥታ ድጋፍ የቀረው ቦታ አንድ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አራት ስም አለ። ማየት የተሳናቸው አዛውንት። ከአልጋ የማትነሳ ልጅ ያላት እናት። ስኳር በሽታ እግራቸውን ያስቆረጣቸው የድሮ የባቡር ጭነት ሠራተኛ። ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው አንዲት አሮጊት። አራቱንም አውቃቸዋለሁ፣ ቤታቸው ገብቼ ቡና ጠጥቻለሁ። መመሪያው «የድሃ ድሃውን ምረጡ» ይላል። ከእነዚህ ውስጥ የድሃ ድሃ ማነው? እስኪመሽ ተከራከርን። አንዷ የኮሚቴ አባል አለቀሰች። በመጨረሻ አንድ ስም ጻፍን። ማንን እንደሆነ አልናገርም። ሁሉም ጎረቤቶቼ ነበሩ።

በማግስቱ ከቀሩት አንዱ በር ላይ ጠበቁኝና፣ «እኔን ምን አድርጌህ ነው?» አሉኝ። ምንም አላደረጉኝም። ኮታ ነው ብላቸው ምን ይገባቸዋል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሱኝ። እስኪሞቱ ድረስ አልመለሱልኝም። ቀብራቸው ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

እዚህ ጋ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ያ ቁጥር፣ ያ «አንድ» የሚለው ቁጥር፣ የተወሰነው እኔ በማላውቀው ጠረጴዛ ላይ ነው። ፊርማው ግን የእኔ ሆነ። ጉድለቱ ከላይ ይወሰናል፣ ጥፋቱ ወደ ሰፈር ይወርዳል። የተራበው ሰው ኮሚቴውን ይጠላል። አለፍ ሲልም የተመረጠውን ጎረቤቱን ይጠላል፣ «እሷ ምን ስላላት ገባች?» ይላል። በጀቱን የደለደለውን ሰው ግን ስሙንም አያውቀው። ድሬ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው በአንድ ግቢ የሚያድርባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ከተማ «ለእሷ ተሰጠ፣ ለእኔ ተከለከለ» የሚል ቅሬታ የት ሊያደርስ እንደሚችል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት እንኳ ያልበቁም አሉ። በ2010 ከሶማሌና ከኦሮሚያ አዋሳኝ አካባቢዎች ተፈናቅለው እዚህ ከመጡት ውስጥ ሰፈር ገብተው በኪራይ የኖሩ አውቃለሁ። የቀበሌ መታወቂያ ይጠየቃሉ። መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ ይጠየቃሉ። መሸኛው የቀረው ቤታቸው በተቃጠለበት ቦታ ነው።

ስለ ሴፍቲኔቱ ግን ፍትሐዊ ልሁን። የከተማው ፕሮግራም በ2009 ሲጀመር 11 ከተሞች ነበሩበት። ድሬዳዋም ሐረርም ገብተዋል። ገንዘቡ 450 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ 300ው ከዓለም ባንክ፣ 150ው ከመንግሥት። ወደ 604 ሺህ ሰው ለመድረስ ታቅዶ ነው የተነሳው። መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ይሠራ፣ መንገድ ያጸዳ፣ ችግኝ ይተክል፣ ቦይ ይጠርግ ነበር። ከሚያገኘው 20 በመቶ ይቆጥብ ነበር። ሲጨርስ 500 ዶላር የሚሆን የመቋቋሚያ ገንዘብ ይሰጠው ነበር። መሥራት የማይችለው፣ ከመቶ 16 ያህሉ፣ በቀጥታ ድጋፍ ይያዝ ነበር። በዚህ ገንዘብ ሻይ ቤት የከፈቱ፣ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል የሚያቀርቡ፣ ልጅ ያስመረቁ ሴቶች አውቃለሁ። ከመካከላችሁም አሉ። ከዚያ በፊት የከተማ ድሃ የሚባል ሰው በመንግሥት መዝገብ ላይ እንዲህ ሆኖ አይታወቅም ነበር። በ1997 የተጀመረው የመጀመሪያው ሴፍቲኔት ለገጠሩ ነበር። ለከተማው እስኪመጣ ከአሥር ዓመት በላይ ጠብቀናል።

የሚያሳስበኝ «ምረቃ» የሚሏት ቃል ናት። የአካባቢ ልማት ተጠቃሚ የሥራ ቀኑ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄድና በሦስተኛው ዓመት ያበቃል። ከዚያ «ተመረቀ» ይባላል። በእኛ ቋንቋ ምርቃት ደስ የሚል ነገር ነው። ሽማግሌ ሲመርቅህ አሜን ትላለህ። ልጅህ ሲመረቅ ዶሮ ትሠራለህ። ከሴፍቲኔት የተመረቀ ሰው ግን ሁልጊዜ ከድህነት ወጥቶ አይደለም። ቀን መቁጠሪያው አልቆ ነው። ባሏ የታመመባት አንዲት ልጅ የመቋቋሚያውን ገንዘብ ለሆስፒታል ከፍላ ጨረሰችው። ዝርዝሩ ላይ ተመራቂ ናት። ከምረቃ በኋላ በሯን ያንኳኳ የለም። እኔም ሳልፍ ሰላም ብያት ነው የማልፈው። ምን ልላት እችላለሁ?

ነባር የድሬ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ታስታውሳላችሁ። ይህች ከተማ ከባቡር የተወለደች ናት። በ1895 ሐዲዱ እዚህ ደረሰና ከተማ ሆነች። ከዚያ ጨርቃ ጨርቁ መጣ፣ ሲሚንቶው መጣ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ መሆን ኩራት ነበር። አባት ሥራ አለው፣ ሲያረጅ ጡረታ አለው፣ ሲሞት ሚስቱ ትወስዳለች። ድሃን የሚጠብቀው ደሞዝ የሚከፍለው ቤት ነበር። አሮጌው ባቡር ቆመ። አዲሱ ሲመጣ ጣቢያው ከከተማ ወጥቶ ተሠራ። በአሮጌው ጣቢያ በለገሃሬ አካባቢ በተሸካሚነት፣ በመንገድ ዳር ምግብ፣ በአልጋ ቤት የሚተዳደረው ሰው ደንበኛው ሄደበት።

የጡረታ ሕግ በ2003 ለግል ድርጅት ሠራተኞችም ተዘርግቷል። ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። መልካም። ቀፊራ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት አሠሪዋ ማነው? ጫት የምትጠቀልለዋ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ማታ ማታ ሳንቡሳ የምትጠብሰዋስ? አርባ ዓመት ሠርተው አንድ ቀን ጉልበታቸው ሲከዳቸው ከቀጥታ ድጋፍ ሌላ ምንም የላቸውም። ለዚህ ነው «ሥራ ሥሩ፣ እርዳታ አትጠብቁ» የሚል ሰው ሲናገር የምናደደው። ሠርተዋል እኮ! አቦ፣ ይህችን ከተማ ያበሏት እነሱ ናቸው።

ገበያው ሞልቶ መራብ ምን እንደሆነ ይህች ሀገር ታውቀዋለች። በ1965 እና በ1966 ወሎ ሲራብ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። ጎደሎው ገዢው እጅ ላይ ነበር። ገበሬው ምርቱ ሲጠፋ ብሩም ጠፋ፣ ብር የሌለውን ደግሞ ገበያ አያየውም። ባለሥልጣናቱ ነገሩን ሸፈኑት፣ የሸፈኑበት ዋጋም መንግሥታቸውን በላው። ዛሬ ቀፊራ ሂዱ። ሩዝ አለ፣ ሽንኩርት አለ፣ ሙዙ ተደርድሯል። ማንም ጎደለ አይልም።

ጎርፉን የምታስታውሱ እጃችሁን አውጡ እስቲ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998። ደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ዋናው ዝናብ የዘነበው ከላይ ደጋው ላይ ነበር። ሰው ግን የሞተው ታች ነው። በተኙበት። የሞቱት እነማን ነበሩ? የወንዙ አሸዋ ዳር ቤት የሠሩት። ከዚያ የተሻለ ቦታ መከራየት ያልቻሉት። ያኔ ሀገር በሙሉ ተነሳ። ብርድ ልብስ መጣ፣ እህል መጣ፣ ባለሥልጣን መጣ፣ ለተረፉት ቤት ተሠራ። ጎርፍ ድምፅ አለው። በካሜራ ይታያል። ዋጋ ከላይ ወርዶ የገንደ ቆሬን ዘንቢል ሲጠርግ ግን ድምፅ የለውም። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። በሁለተኛው የሞተ ሰው የሞት ምክንያቱ «ስኳር» ወይም «ደም ማነስ» ተብሎ ነው የሚጻፈው።

አሁን ወደ አንድ ቀን ልውሰዳችሁ። ሰኔ 24 ቀን 2017። በዚያ ቀን ሁለት ነገር ሆነ፣ በሁለት ከተማ።

ዋሽንግተን ላይ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት፣ ዩኤስኤይድ የምንለው፣ የውጭ እርዳታ ሥራውን በይፋ አቆመ። ነገሩ የተጀመረው በዚያው ዓመት ጥር 12 ነው፣ አዲሱ ፕሬዚዳንት እርዳታውን ለ90 ቀን ያገዱ ዕለት። በመሐል፣ በሚያዝያ፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ስላለቀበት ኢትዮጵያ ውስጥ ለ650 ሺህ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት የሚሰጠውን ሕክምና ለማቆም መገደዱን አስታወቀ። ይሄ ቅነሳ ፊርማ አለው። ግን የፈረመውን ሰው የመረጠ አንድም ኢትዮጵያዊ የለም። እሱም እኛን አይጠብቅም፣ እኛም አቤት አንለውም። ከዚያ በፊት በሰኔ 2015 እህል ይዘረፋል ተብሎ የምግብ እርዳታ ለወራት ቆሞ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የሰረቀው ሌላ፣ የተቀጣው ሌላ። ሌባው ያን ወር እራቱን በልቶ ነው ያደረው።

በዚያው ሰኔ 24፣ ለንደን ላይ። የብሪታንያ መንግሥት አካል ጉዳተኞች በየወሩ የሚያገኙትን ድጎማ መስፈርት ለማጥበቅ ሕግ ረቂቅ አቅርቦ ነበር። ገንዘብ ለመቆጠብ ነው። ከ120 በላይ የገዛ ፓርቲው የምክር ቤት አባላት ተቃውሞ ፈረሙ። አካል ጉዳተኞቹ ራሳቸው ለተመራጮቻቸው ደብዳቤ ጻፉ፣ በር አንኳኩ። ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ሲቀረው መንግሥት ያን ክፍል ከረቂቁ እንደሚያወጣ አስታወቀ።

እነሱ ሀብታም ናቸው፣ እኛ ድሆች ነን፣ አውቃለሁ። እዚያም ቢሆን ድሃው ላይ ብዙ ተቀንሷል፣ ብዙ ሰው ተጎድቷል። የቀናሁት በገንዘባቸው አይደለም። የቀናሁት ቅነሳው ወረቀት ላይ ስለነበረ ነው። ቀን ነበረው። የሚያነሳ እጅ ነበረው። የአንድ ሰፈር አካል ጉዳተኛ የተመራጩን ስም ያውቃል፣ ተመራጩም ነገ እንደሚጠይቀው ያውቃል። የእማማ ዘንቢል ሲቀንስ ማነው እጁን ያወጣው?

ከእናንተ ውስጥ ብዙዎቻችሁ የዕድር ሰዎች ናችሁና ስለ እኛ ስለራሳችንም አንድ ነገር ልበል። ድሬ እጇ ክፍት ነው። ረመዳን ሲመጣ ዘካው ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፣ ፋሲካ ሲመጣ ቅርጫው ለጎረቤት ይተርፋል፣ የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር፣ አፎቻው አለ። ይሄ ባይኖር ስንቱ አልቆ ነበር። ግን ለዕድር ወርኃዊ መዋጮ ያልከፈለ ሰው ምን ይሆናል? ይሰረዛል። ከዕድር መጀመሪያ የሚሰረዘው በጣም የደኸየው ነው። እማማ ብሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚያወጡት የዕድር ነው። ከሩዙ በፊት። አንድ ቀን «እማማ፣ መጀመሪያ ብሉ እንጂ» ብላቸው፣ «ስሞት ልጆቹ ሬሳ ይዘው በር ላይ እንዳይቆሙ ነው» አሉኝ። ቀጥታ ድጋፉ ለመኖሪያ ተብሎ ተሰጥቶ ለመቀበሪያ ዋለ። እባካችሁ የዕድር ዳኞች፣ በየዕድራችሁ ሽማግሌ የማያስከፍል ደንብ አውጡ። ይሄ የእኛ ፊርማ ነው፣ ለማንም አናሳብብም።

ባለሥልጣን ሲቸግረው «ሕዝባችን መረዳዳት ባህሉ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ግን ልብስ አጣቢዋ ለሽንኩርት ሻጯ አንድ ጭልፋ ስለሰጠች የበጀት መደቡ ነፃ አይወጣም። ድሃ ድሃን እየደገፈ ሁለቱም ሲወድቁ አይቻለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ ትሉኛላችሁ። ድሬዳዋ በ1996 በወጣው ቻርተር የሚተዳደር፣ የራሱ ምክር ቤት ያለው አስተዳደር ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በጀት የሚታየው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ያን ጊዜ አንድ ቁጥር ጮክ ተብሎ ይነበብልን። መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ከራሳችን ገንዘብ፣ ከብድርም ከእርዳታም ውጭ፣ ስንት ተያዘ? አምና ስንት ነበር? በአምናው ብር ገበያ ላይ ይገዛ የነበረው ዕቃ በዘንድሮው ይገዛል ወይ? አይገዛም ከተባለ ተቀንሷል ማለት ነው፣ የቀነሰው ሰው ተነስቶ ምክንያቱን ይናገር። ምክንያቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል። እኔ ለመስማት ዝግጁ ነኝ። የድጋፉ መጠንም እንደ ደሞዙ ሁሉ ከዋጋ ጋር በየዓመቱ የሚታይበት ቀን ደንብ ላይ ይጻፍ። ለኮሚቴዎችም ኮታ ሲወርድ የወሰነው ቢሮ ስም አብሮ ይውረድ፣ በር ላይ ይለጠፍ። ያኔ የድሬ ሰው የሚያኮርፈውን ያውቃል። ጎረቤቱን አያኮርፍም።

ወጣቶቹ ስልካችሁ ላይ ስታወሩ የምትጠቀሙበትን ጉልበት ለአንድ ቀን ለዚህ አውሉት። ገበያ ሂዱና የሩዝ፣ የዘይት፣ የሳሙና ዋጋ በየወሩ መዝግቡ። ሌላ ጥናት አያስፈልግም። አንድ ደብተር ይበቃል። እማማ በዘንቢል የለኩትን እናንተ በቁጥር ጻፉላቸው። ምክር ቤቱ ፊት ስትቆሙ ባዶ እጃችሁን አትቁሙ።

ዛሬ እማማ እዚህ መምጣት ፈልገው ነበር። የባጃጁን ሒሳብ እኔ እችላለሁ ብያቸው፣ ጉልበቴ አያደርሰኝም፣ ልጆቹንም ብቻቸውን አልተውም አሉ። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ደውዬላቸው ነበር። «ኑሮ ቢሮ አለው ብለህ ነግረሃቸዋል?» አሉኝ። «አሁን ልነግራቸው ነው፣ እማማ።» «እንግዲያ የት እንዳለ ጠይቅልኝ» አሉኝ። ነገ ጠዋት ከሙቀቱ በፊት እቤታቸው እሄዳለሁ፣ አብሮኝ የሚሄድ ካለ ሰባት ኪሎ ሩዝ መሸከም የሚችል ይሁን።